ያልተነገረ ስህተትና ሦስት አለቆች፦ ለአንዲት ጀማሪ ጠበቃ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ የሕግ ቢሮ ጀማሪ ጠበቃ ሆኜ ከተቀጠርኩ 14 ወር ሆነኝ። ሦስት ነባር ጠበቆች በየፊናቸው ሥራ ይሰጡኛል፤ ሁሉም “ለሐሙስ ይድረስ” ነው የሚሉት። ከእኩለ ሌሊት በፊት የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። ባለፈው ሳምንት ባስገባነው የክስ ማመልከቻ ላይ ውሉ የተፈረመው ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን ሆኖ ሳለ እኔ 21 ብዬ ጽፌያለሁ። ያየሁት ከገባ በኋላ ነው፤ ሦስት ቀን ሆነው፣ ለማንም አልተናገርኩም። አብረውኝ የተመረቁት ራሳቸውን ችለው መዝገብ ይዘዋል። ሙያው ለእኔ አይሆንም ማለት ነው? ልልቀቅ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ብዙ ነገር ጠይቀሻል፤ መጀመሪያ የሚመለሰው ግን በመሃል ሸጉጠሽ ያለፍሽው ነው። ያ 21።

የቢሮ ጫና ያደክማል፣ ያሳምማል። ጀማሪ ጠበቃን ከሙያው የሚያስወጣው ግን ጫናው ሲበረታ የሚደበቀው ነገር ነው። የሚደበቀው ስህተት ሊሆን ይችላል፣ የሥራው ብዛት ሊሆን ይችላል፣ ሕመምም ሊሆን ይችላል። በ2018 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአንዲት ወጣት ጠበቃን ጉዳይ አይቶ ነበር። የያዘችው መዝገብ ወደፊት አልሄድ ሲላት፣ እንደሠራች ለማስመሰል ደብዳቤዎች ወደኋላ ቀን እየጻፈች አዘጋጅታለች። የምትሠራበት ቢሮ ጫና የበዛበት እንደነበር፣ የአእምሮ ጤናዋም እንደተጎዳ የዲሲፕሊን ጉባኤው ተቀብሎ ቅጣቱን አቅልሎላት ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ሽሮ ከጠበቆች መዝገብ እንድትሰረዝ አደረገ፤ ማታለል ካለ የሥራ ቦታ ጫና ብቻውን ልዩ ምክንያት አይሆንም አለ። ልብ በዪ፣ የዘገየው መዝገብ ሊስተካከል የሚችል ነበር። ያልተስተካከለው ደብዳቤው ነው። አንቺ እስካሁን እዚያ አልደረስሽም፤ ሦስት ቀን ዝም ማለት መጥፎ ቢሆንም የሚታለፍ ነው። ሦስት ሳምንት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ዛሬውኑ ትናገሪያለሽ። ከመናገርሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ለራስሽ ስጪ፤ ከዚያ ካለፈ መዘጋጀት መሆኑ ይቀርና ማዘግየት ይሆናል። በዚህ ግማሽ ሰዓት ማመልከቻውን ክፈቺና 21 የሚለው ስንት ቦታ እንደገባ ፈልጊ። በፍሬ ነገሩ ላይ ብቻ ነው ወይስ በዳኝነት ጥያቄውም፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስን በጠየቃችሁት ውስጥ አለ? ቀጥሎ፣ ከዚያ ቀን ተነስቶ የሚቆጠር ነገር እንዳለ እዪ፤ ወለድ፣ የመዘግየት ቅጣት፣ ይርጋ (ክስ ማቅረቢያው በሕግ የተወሰነ ጊዜ)። ወለድ ከውሉ ቀን የሚታሰብ ከሆነ ዘጠኝ ቀን ጎድሎብሻል ማለት ነው። በአንድ ሚሊዮን ላይ በዓመት 9 በመቶ ቢታሰብ ልዩነቱ 2,219 ገደማ ይመጣል፤ ከባድ አይደለም፣ ግን የደንበኛው ገንዘብ ነው። ይርጋው ከሆነ የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ቀኑ ወደፊት መገፋቱ፣ ጊዜው አልፎበት የነበረን ጥያቄ በጊዜው የቀረበ ያስመስለዋል፤ ተከራካሪው ወገን ይህን ቢያገኝ ስህተት ነው ብሎ አያልፈውም። ከዚያ አባሪውን እዪ። የውሉ ቅጂ ላይ 12 ተብሎ ከተጻፈ ማመልከቻችሁ ከራሱ ማስረጃ ጋር እየተጣላ ነው። በመጨረሻ መጥሪያው ለተከሳሹ ደርሶ እንደሆነ አጣሪ። በአብዛኛው የሥነ ሥርዓት ሕግ መልስ ሳይቀርብ ማሻሻል ከቀረበ በኋላ ከማሻሻል ይቀላል። የእናንተ ሕግ ምን እንደሚል አንቀጹን ራሱን አውጥተሽ አንብቢ፤ «እንደሚመስለኝ» ይዘሽ አትግቢ።

አሁን መዝገቡን ወደያዙት ነባር ጠበቃ ሂጂ። በአካል ወይም በስልክ ይሁን፤ በጽሑፍ መልእክት አትጀምሪው። አነጋገርሽ ይህን ይምሰል፦ «አምስት ደቂቃ ካለዎት፣ ባስገባነው ክስ ላይ የእኔ ስህተት አለ። ገጽ 3 ተራ ቁጥር 7 ላይ የውሉ ቀን 12 መሆን ሲገባው 21 ብዬ ጽፌያለሁ። አባሪ 1 ትክክለኛውን ያሳያል። ወለዱ ከዚያ ቀን ስለሚታሰብ ልዩነት አለው፤ ይርጋውን አይነካም። መጥሪያ ገና አልደረሰም። የማሻሻያ አቤቱታ ረቂቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላመጣልዎት እችላለሁ። ያየሁት ከሦስት ቀን በፊት ነው፣ ወዲያው መናገር ነበረብኝ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘዪው። ስህተቱን ዛሬ ያየሽው ካስመሰልሽ ከቀን ስህተት ወደ ውሸት ተሻገርሽ ማለት ነው፤ ፋይሉን መቼ እንደከፈትሽውም ኮምፒውተሩ ይመሰክራል። ይቅርታውን አንድ ጊዜ በዪና አብቂ። ስድስቴ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አለቃውን አጽናኝ ያደርጋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ሰዓት ማሰብ ያለባቸው ስለ መዝገቡ ነው።

ከንግግሩ በኋላ የተባባላችሁትን በአራት መስመር ኢሜይል ላኪላቸው። ለደንበኛው መንገሩን ለእሳቸው ተዪው፤ መነገር ግን አለበት፣ እንዳይረሳ በኢሜይሉ ላይ ጥቀሺው። ቢሮው የሙያ ኃላፊነት መድን ካለው ደግሞ ሌላ ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ ብዙ የመድን ውሎች ካሳ ሊያስከትል የሚችል ነገር እንደታወቀ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ፣ ዘግይቶ የተነገረን ጉዳይ አንከፍልም ሊሉም ይችላሉ። ጀማሪ ጠበቃ የማታውቀው፣ ዝምታዋ ግን ቢሮውን የሚያስከፍልበት ቦታ ይህ ነው።

የማታደርጊውም አለ። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ክፍል) ዘንድ ሄደሽ ገጽ በገጽ አትቀይሪ። በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅጂ አስተካክለሽ በአሮጌው ስም አታስቀምጪ። ማሻሻያው ሲፈቀድም አሮጌው ማመልከቻ «የተሻሻለ» ተብሎ በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይቀደድም። አለቃሽ «ተዪው፣ ማንም አያየውም» ቢሉሽስ? ኢሜይሉን ያኔም ትልኪያለሽ፤ ካልተንቀሳቀሱ የቢሮው ሸሪኮች ዘንድ ትሄጃለሽ። ፊርማሽ ያለበት ሰነድ የአንቺ ነው።

ወደ ሦስቱ አለቆችሽ ልምጣ። ሦስቱም ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዳቸው ሌላኛው የሰጡሽን ሥራ አያዩትም። የምታይው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ «እሺ» ብለሽ ትደብቂዋለሽ። ስለዚህ ሥራሽን የሚታይ አድርጊው። በኤክሴል አንድ ሠንጠረዥ በቂ ነው፤ መዝገቡ፣ ሥራውን የሰጠው ሰው፣ ቀጣዩ እርምጃ፣ የሚቀረው ሰዓት፣ አለቃው ያሉት ቀን፣ ሕጉ ወይም ፍርድ ቤቱ ያለው ቀን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ለየብቻ መሆናቸው ዋናው ቁም ነገር ነው። «ለሐሙስ» ከተባሉት ሥራዎች ውስጥ በእውነት ለሐሙስ የሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የቀሩት አለቃው ዓርብ ሊያነቡት ያሰቡት ነው።

ሰኞ ጠዋት የሚቀረውን ሰዓት ደምሪ። የስምንት ሰዓት የቢሮ ቀን ስምንት ሰዓት ሥራ አይሰጥም፤ ስልኩ፣ ኢሜይሉ፣ «አንዴ ነይ እስቲ» ተቀንሶ አምስት ሰዓት ተኩል ካገኘሽ ጥሩ ነው። በአምስት ቀን 27.5 ሰዓት ይሆናል። ሠንጠረዡ 41 ሰዓት ካሳየ 13.5 ሰዓት የት እንደሚገባ የሚወስኑት ሥራውን የሰጡት ሰዎች ናቸው። ለሚመለከታቸው ለሁለቱ በአንድ ኢሜይል ጻፊ፤ ለየብቻ ከጻፍሽ ሁለቱም «የእኔን አስቀድሚ» ነው የሚሉሽ። «የኪራይ ውሉ አስተያየት 9 ሰዓት፣ የይግባኝ መልሱ 12 ሰዓት ይቀራቸዋል። እስከ ሐሙስ ያለኝ 16 ሰዓት ነው። የይግባኙ ቀን በሕግ የተወሰነ ስለሆነ እሱን አስቀድሜ የኪራዩን ሰኞ ከሰዓት በፊት ላድርስ፤ ሌላ ሐሳብ ካላችሁ እስከ ነገ ጠዋት ንገሩኝ።» እዚህ ውስጥ «አልችልም» የሚል ቃል የለም። ቁጥሩ ተናግሮልሻል። አንዳንድ ነባር ጠበቃ ይህን ሲያይ ፊቱ ይቀላ ይሆናል። ሐሙስ ማታ ባዶ እጅሽን ስትገቢ የሚሆነው ፊት ግን ከዚህ የባሰ ነው።

ግምትሽ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፤ ሁሉም ጀማሪ አሳንሶ ነው የሚገምተው፣ ምክንያቱም መጻፉን ይቆጥርና ማንበቡን፣ አባሪ መደርደሩን፣ እርማት መቀበሉን ይረሳል። የመጀመሪያ ግምትሽን በአንድ ተኩል አባዢ፤ ሠርተሽው የማታውቂው ዓይነት ሥራ ከሆነ በሁለት። የገመትሽውንና የፈጀብሽን ለስድስት ሳምንት ጎን ለጎን ጻፊ። ከዚያ በኋላ የራስሽ ማባዣ ይኖርሻል።

ግማሹ ድካም የሚመጣው ግን ትእዛዙ ሲሰጥ ካልተጠየቀ ጥያቄ ነው። «ይህን ነገር እዪልኝ» ሲሉሽ አንገትሽን ነቅንቀሽ አትውጪ። ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚፈልጉት፣ የሁለት ገጽ ማስታወሻ ወይስ ለደንበኛ የሚላክ የሕግ አስተያየት? የሚያነበው ማን ነው? ቀኑን የወሰነው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው ያስባሉ? ከዚህ በፊት የተሠራ ተመሳሳይ ይኖራል? ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። አራተኛው ጥያቄ በተለይ ብዙ ያድናል፤ እሳቸው ሁለት ሰዓት ያሰቡትን ሥራ አንቺ አሥራ አንድ ሰዓት ስትቆፍሪው የምታድሪው እሱን ሳትጠይቂ ስትቀሪ ነው። ጠረጴዛሽ ጋ እንደተመለስሽ የተረዳሽውን በሦስት መስመር መልሰሽ ላኪ፤ የተሳሳትሽው ነገር ካለ ያኔውኑ ይታወቃል።

ስለ ቀነ ገደብ አጭር ነው የምለው፣ ግን በጥፍር ያዢው። ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ነው፣ ከደረሰሽ ቀን ነው፣ ወይስ ግልባጩን ካወጣሽበት? የመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል? የመጨረሻው ቀን በዓል ላይ ቢውልስ? «30 ቀን» እና «አንድ ወር» አንድ አይደሉም። ይህን ከቢሮ ልማድ ሳይሆን ከአንቀጹ አንብበሽ፣ አቆጣጠርሽን በፋይሉ ሽፋን ውስጥ ጽፈሽ፣ ሌላ ሰው የአንቺን ሳያይ ለብቻው እንዲቆጥር አድርጊ። ማስታወሻ በሁለት ካላንደር፣ በ14፣ በ7፣ በ3 እና በ1 ቀን ቀድሞ ይጮኽ። የውስጥ ቀነ ገደብሽ ከእውነተኛው ሁለት የሥራ ቀን ይቅደም። እነዚያ ሁለት ቀናት ለመጻፊያ አይደሉም፤ የጎደለ ፊርማ፣ ያልተከፈለ የዳኝነት ገንዘብ፣ አልነበብ ያለ ፒዲኤፍ፣ የወደቀ ሲስተም የሚመጡት የመጨረሻው ቀን ላይ ነውና ለእነሱ ናቸው።

12 እንዴት 21 ሆነ? ሲደክምሽ ስለጻፍሽው ብቻ አይደለም። ያረምሽው የራስሽን ጽሑፍ ከራስሽ ትውስታ ጋር እያስተያየሽ ስለነበር ነው፤ ዓይን የጻፈውን አይጠራጠርም። የመጨረሻውን እርማት በዙር ከፋፍዪው። አንደኛው ዙር ቁጥር ብቻ፦ ቀን፣ ገንዘብ፣ አንቀጽ፣ የመዝገብ ቁጥር፤ እያንዳንዱን ከዋናው ሰነድ ጋር፣ በእርሳስ ምልክት እያደረግሽ። ሁለተኛው ስም ብቻ። ሦስተኛው አባሪ፦ «አባሪ 4» ባልሽበት ቦታ አባሪ 4ን በእጅሽ ገልጠሽ። ለአሥር ገጽ ማመልከቻ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ በወረቀት ታትሞ፣ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ብትሄጂ ደግሞ የተሻለ ይታይሻል። የአለቃሽን እርማቶችም በአንድ ፋይል ሰብስቢ። ሁለት ወር ሳይሞላ እርማቱ ሁሉ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓይነት እንደማያልፍ ታያለሽ፤ ከማስገባትሽ በፊት ያንን ዝርዝር አንዴ ማየት ግማሹን ቀይ ቀለም ያስቀራል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የምትጠቀሚ ከሆነ፣ በ2023 በኒው ዮርክ የፌደራል ፍርድ ቤት የሆነውን አስታውሺ፤ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጡ። ያስቀጣቸው በማሽን መጠቀማቸው አልነበረም፤ ሳያጣሩ ማቅረባቸው፣ ተጠይቀውም ስህተታቸውን ቶሎ አለማመናቸው ነበር። እያንዳንዱን ውሳኔ ከራሱ ምንጭ ከፍተሽ እስካላነበብሽ አትጥቀሺ። የደንበኛን ሰነድም ቢሮው ያልፈቀደው መሣሪያ ውስጥ አትክተቺ።

ቢሮሽ የሠራሽውን ሰዓት የሚያስመዘግብ ከሆነ፣ በብዙ ቦታ መለኪያው ስድስት ደቂቃ ነው፤ 0.1 ሰዓት። ሥራውን እንደጨረስሽ ጻፊው፤ ዓርብ ከሰዓት የሳምንቱን እያስታወሱ መመዝገብ ልብ ወለድ መጻፍ ነው። «ጥናት፣ 3 ሰዓት» አትበዪ፤ «የይርጋ መቃወሚያውን በሚመለከት የሰበር ውሳኔዎችን ማንበብና ማስታወሻ ማዘጋጀት፣ 2.4» በዪ። ጀማሪዎች «ይህን ያህል መፍጀት አልነበረበትም» ብለው ሰዓታቸውን ራሳቸው ይቆርጣሉ። አትቁረጪ። ከሂሳቡ ላይ መቀነስ የሸሪኩ ሥልጣን ነው፤ አንቺ ከቆረጥሽ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ሥራ በተቆረጠው ሰዓት ልክ ይሰጡሻል። መጨመርማ ማጭበርበር ነው፣ ወሬ አያስፈልገውም። የዓመት ግብ ከተሰጠሽ ደግሞ ስሌቱን ራስሽ ሥሪው። ለምሳሌ 1,800 ሰዓት በ48 የሥራ ሳምንት ሲካፈል 37.5 ነው፤ በቀን 7.5። ከቢሮ ሰዓትሽ 70 በመቶው ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ በየቀኑ ከ10 ሰዓት ተኩል በላይ መቀመጥ አለብሽ። ድካምሽ ስንፍና ይሁን ሒሳብ፣ ይህን ስትሠሪ ይለያል።

እንቅልፉ። ከ17 እስከ 19 ሰዓት ነቅተው የቆዩ ሰዎች በአንዳንድ ፈተናዎች ላይ በደማቸው 0.05 በመቶ አልኮል ካለባቸው ሰዎች ጋር እኩል ወይም የባሰ ውጤት እንዳላቸው በ2000 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የነቃ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ እዚያው ነው። ስለዚህ ማታ ማርቀቅ ግድ ካለ አርቅቂ፤ ማስገባትና ለደንበኛ መላክ ግን ለጠዋት ይደር። ይህን አንድ ደንብ ብቻ ብትይዢ ብዙ 21 ይቀርልሻል።

በ2016 የታተመና 12,825 አሜሪካውያን ጠበቆችን ያካተተ ጥናት ደግሞ 28 በመቶው የድባቴ፣ 19 በመቶው የጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው፣ 20.6 በመቶው አልኮል ለጉዳት በሚያሰጋ መጠን እንደሚጠጡ አግኝቷል፤ በሙያው የመጀመሪያ አሥር ዓመት ውስጥ ያሉት በመጠጡ ከሌሎቹ ይብሳሉ። የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ «እኔ ብቻ ነኝ የምደክመው» የሚለውን ሐሳብ እንድታወጪው ነው። ጊዜ ኖሮሽ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ለመተኛት መጠጥ ከፈለግሽ፣ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ ይህ የሠንጠረዥ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በአንዳንድ አገሮች የጠበቆች ማኅበራት ምስጢር የሚጠብቅ የእርዳታ አገልግሎት አላቸው፤ ያንቺ ማኅበር እንዳለው ጠይቂ።

አብረውሽ ስለተመረቁት ብዙ አልልም። «መዝገብ ይዟል» ማለት በአንዱ ቢሮ ጉዳዩን መምራት ነው፣ በሌላው ቀጠሮ ለማስለወጥ መላክ። ከእነሱ ጋር ከመለካካት አለቃሽን ይህን ጠይቂ፦ «የሚቀጥለውን አነስተኛ መዝገብ ከክስ እስከ ውሳኔ ብቻዬን ለመያዝ ምን ይቀረኛል?» «እንዴት ነኝ?» ካልሽ «ጥሩ ነሽ» ነው መልሱ፣ ምንም አይረባም። ይህኛው ግን ሁለትና ሦስት የሚሠራ ነገር ያወጣል። በየወሩ መጨረሻም የሠራሽውን በአምስት መስመር፣ የደንበኛ ስም ሳትጠቅሺ መዝግቢ፤ የደመወዝ ወይም የእድገት ንግግር ሲመጣ ከትውስታ አትለምኚም።

መልቀቅን በተመለከተ፣ ቀነ ገደብ ባለበት ሳምንት አትወስኚ። ማሻሻያው ገብቶ፣ ሠንጠረዡም ስድስት ሳምንት ሠርቶ ይታይ። ያኔ የሚያንገሸግሽሽ ብዛቱ፣ አንድ ሰው፣ ወይስ ሥራው ራሱ እንደሆነ ለዪ። ብዛቱ ከሆነና ቁጥር ታይቶም ካልተቀነሰ ሌላ ቢሮ ፈልጊ። አንድ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ከእሱ ሥር መውጣትን ጠይቂ። ሥራው ከሆነ፣ ማለትም ክርክሩ ራሱ ካስጠላሽ፣ ውል ማርቀቅ፣ በድርጅት ውስጥ የሕግ ባለሙያ መሆን፣ ሕግ ማርቀቅ ሁሉም ጥብቅና ሳይሆኑ የሕግ ሥራ ናቸው። ስድስት ሳምንት ሳትጠብቂ የምትወጪው ወደኋላ ቀን እንድትጽፊ፣ ያላየሽውን እንድታረጋግጪ ወይም የደንበኛን ገንዘብ እንድትነኪ ከታዘዝሽ ነው።

ከወጣሽ ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ገጽ ርክክብ ጻፊ፦ አሁን ያለበት ደረጃ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ፣ የሚያልፍ ቀነ ገደብና የተቆጠረበት መንገድ፣ ከደንበኛው የሚጠበቅ ሰነድ። የደንበኛ ፋይል፣ በፍላሽም ይሁን በግል ኢሜይል፣ ይዘሽ አትውጪ። ይዘሽ የምትወጪው የሠራሽባቸውን ተከራካሪዎች ስም ብቻ ነው፤ አዲሱ ቢሮ የጥቅም ግጭት እንዳለ ለማጣራት ይጠይቅሻል፣ ከስም ያለፈ ነገር ከጠየቀሽ ግን አትስጪ።